የሂሳርክ ማኅደርና የሂሶፍት ሶፍትዌር ግምገማ፦ የኒውትሮን ኮከብን ምት በየኢነርጂው ከፍሎ ለማየት

ናሳ በሜሪላንድ ግዛት፣ ግሪንቤልት ከተማ ባለው የጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከሉ ውስጥ ሂሳርክ የሚባል የኤክስሬይና የጋማ ጨረር ምልከታዎች ማኅደር እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሲያስተዳድር ቆይቷል። ከማኅደሩ ጋር የሚሰጠው ሂሶፍት የተባለው የመተንተኛ ሶፍትዌር ስብስብም እንደ መረጃው ሁሉ በነጻ የሚወርድ ነው። የሁለቱን አገልግሎት በሙሉ መገምገም የአንድ ጽሑፍ ሥራ ስላልሆነ እዚህ የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ከጓደኛ ኮከብ ቁስ እየሳቡ በኤክስሬይ የሚያበሩ ኒውትሮን ኮከቦች የምታቸው ቅርጽና ጥንካሬ በየኢነርጂው እንዴት እንደሚለያይ በራሱ እጅ ለክቶ ማየት ለሚፈልግ የፊዚክስ ተማሪ ወይም መምህር አገልግሎቱ ይበቃዋል ወይ? ይበቃዋል። ቅሬታዬ የሚጀምረው መረጃው እጁ ከገባና ሶፍትዌሩ ምንም ስህተት ሳያሳይ ሥራውን ጨርሶ አንድ ቁጥር ካወጣለት በኋላ ነው፤ ያ ቁጥር የኮከቡ ይሁን የአለካኩ የሚነግረው የለምና።

ለጉዳዩ አዲስ የሆነ አንባቢ ይህን ያህል ቢያውቅ ይበቃዋል። ኒውትሮን ኮከብ የፀሐይን ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቁስ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ባላት ሉል ውስጥ ታጭቆ የሚገኝበት አካል ነው። ጓደኛ ኮከብ ካለው ከዚያ የሚነፍሰውን ወይም የሚፈሰውን ጋዝ ይስባል፤ መግነጢሳዊ መስኩ ብርቱ ሲሆን ደግሞ ጋዙ በፈለገበት ማረፍ ስለማይችል የመስኩን መስመሮች ተከትሎ ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ይወርዳል፣ የብርሃንን ፍጥነት ግማሽ በሚያህል ፍጥነትም ይከመርባቸዋል። ከዋልታዎቹ የሚወጣው ኤክስሬይ ኮከቡ በዞረ ቁጥር ወደ እኛ እየመጣ ስለሚመለስ፣ ሳተላይቱ ብርሃኑ ሲጨምርና ሲቀንስ ያያል፤ ምት የምንለው ይህን ነው። ከቁስ ሳቢዎቹ መካከል መጀመሪያ የታወቀው የሴንታውረስ ኤክስ-3 ምት ሲሆን፣ ይህን የ4.8 ሴኮንድ ምት እ.ኤ.አ. በ1971 የለየችው ኡሁሩ የተባለችው ሳተላይት ነበረች፤ እርሷም የተወነጨፈችው ዲሴምበር 12 ቀን 1970 ከጎረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ፣ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከተተከለው የሳን ማርኮ መድረክ ነው። ዛሬም ስማቸው በ«4ዩ» የሚጀምር የኤክስሬይ ምንጮች ስማቸውን ያገኙት ከዚያች ሳተላይት አራተኛ ዝርዝር ሲሆን፣ ዝርዝሩ በሂሳርክ ሰንጠረዦች ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

የማኅደሩ ትልቁ ብርታት በሚሰጠው ነገር ዓይነት ላይ ነው። የሚወርደው ፋይል ያለቀ ግራፍ ወይም የተቀነባበረ ሥዕል አይደለም፤ መመርመሪያው የያዘውን እያንዳንዱን ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ በተራ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2012 የተወነጨፈችውን፣ ከ3 እስከ 79 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የፎቶን ኢነርጂ መለኪያ ነው) ያለውን ኤክስሬይ በመስታወት ሰብስባ የምታየውን ኑስታርን እንውሰድ። የኑስታርን የጸዳ ፋይል የከፈተ ሰው በአንዱ ረድፍ ላይ አንድ ፎቶን ያገኛል፤ የደረሰበት ሰዓት፣ መመርመሪያው ላይ ያረፈበት ቦታ፣ ኢነርጂውም በቻናል ቁጥር ተጽፎ። የቻናሉን ቁጥር በ0.04 አባዝቶ 1.6 ሲደምርበት ኢነርጂውን በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያገኘዋል፤ ቻናል 35 ሦስት፣ ቻናል 210 ዐሥር፣ ቻናል 460 ሃያ፣ ቻናል 960 አርባ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የምቱን ልዩነት በየኢነርጂው ለማየት ሰንጠረዡን በእነዚህ ቁጥሮች ቆራርጦ፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ፎቶኖች በኮከቡ ዑደት ላይ እርስ በርስ ማደራረብ ብቻ ነው የሚቀረው። ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ የቀረበ መረጃ በሌሎች የሳይንስ ዘርፎች ብዙ ጊዜ አይገኝም። ምልከታውን የጠየቀው ተመራማሪ በአብዛኛው የአንድ ዓመት ቅድሚያ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉን ለማውረድ መመዝገብም ሆነ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም።

ለመጀመሪያ ሙከራ የምመክረው ቬላ ኤክስ-1ን ነው። በአንድ ግዙፍ ኮከብ ዙሪያ በ8.96 ቀን አንድ ጊዜ የሚዞርና ከዚያ ኮከብ ነፋስ የሚመገብ ኒውትሮን ኮከብ ሲሆን፣ ራሱን አንድ ጊዜ ለማዞር 283 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ዑደቱ ዘገምተኛ በመሆኑ የሳተላይቷ ሰዓት ጥራት ለጀማሪው አያሳስበውም፤ ብሩህ በመሆኑም ፎቶን አያጥርም። ኑስታር እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ያደረገቻቸው ምልከታዎች በማኅደሩ ውስጥ ክፍት ናቸው። ከ3 እስከ 6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያሉትን ፎቶኖች ብቻ ይዞ ዑደቶቹን ያደራረበ ሰው እስከ አምስት ጫፍ ያለው የተወሳሰበ ቅርጽ ያገኛል፤ ትንንሾቹ ጫፎች ከትልልቆቹ ጎን ተጣብቀው፣ በመካከላቸው ጠባብ ሸለቆዎች ይታያሉ። ወደ ዐሥር ሲቀርብ ከጫፎቹ አንዳንዶቹ እየተዋሐዱ ይሄዳሉ። ከሃያ በላይ ያሉትን ብቻ ሲይዝ የሚቀሩት በግማሽ ዑደት የተራራቁ ሁለት ሰፋፊ ጫፎች ናቸው። ኮከቡ አንድ፣ ምልከታው አንድ፣ ፋይሉም አንድ ሆኖ ሳለ በኢነርጂ ቁራጮቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን በዓይን የሚለይ ስለሆነ፣ ለማየት የስታቲስቲክስ ረቂቅ አያስፈልገውም። ለክፍል ማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ቅርጹ ለምን ይለወጣል ለሚለው ሶፍትዌሩ መልስ የለውም፤ ከእርሱም አይጠበቅም። ምክንያቶቹ ግን ግራፉን ለሚያነብ ሰው ስለሚያስፈልጉት ጥቂት ልበል። በዝቅተኛው ኢነርጂ የጓደኛው ኮከብ ነፋስም ሆነ ወደ ዋልታው የሚወርደው ጋዝ ራሱ በመንገድ ላይ ኤክስሬዩን ስለሚውጥ፣ ኮከቡ በዞረ ቁጥር ጋዙ በመካከል እየገባ ሸለቆዎችን ይፈጥራል፤ ከፍተኛ ኢነርጂ ያለው ፎቶን ደግሞ ይህን መጋረጃ በቀላሉ ያልፋል። ከዚህ በላይ ጨረሩ ከዋልታው የሚወጣበት አቅጣጫ ራሱ ይለያያል። ቁሱ አነስ ያለ እንደሆነ ኤክስሬዩ ከትኩሱ ቦታ ወደ ላይ፣ የመግነጢሱን መስመር ተከትሎ ይወጣል። ብርሃኑ በሴኮንድ 10 ትሪሊዮን ትሪሊዮን ትሪሊዮን ኧርግ (የኢነርጂ መለኪያ) አካባቢ ሲደርስ ግን የጨረሩ ግፊት ወራጁን ቁስ ከወለሉ በላይ ስለሚያቆመው ከዋልታው ላይ የቁስ ዓምድ ይነሣል፣ ኤክስሬዩም ከዓምዱ ጎን ይወጣል። የእነዚህ የሁለቱ አወጣጥ ድርሻ በየኢነርጂው አንድ ስላልሆነ ጫፉ ቦታ ሊለውጥ ወይም ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ዓምዱ ከታች ይበልጥ የጋለ መሆኑም አለ፤ ከፍተኛው ኢነርጂ ከታችኛው ክፍል ስለሚመጣና ያ ክፍል ኮከቡ ሲዞር በኮከቡ አካል ስለሚጋረድ፣ ምቱ ከኢነርጂው ጋር እየጎላ ይሄዳል የሚለው አስረጂ በብዙ ፐልሳሮች፣ ማለትም እንዲህ ምት በሚሰጡ ኒውትሮን ኮከቦች፣ ላይ ከሚታየው ጋር ይስማማል።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። ሂሶፍት የተሠራው ለሊነክስና ለማክ ነው፤ ዊንዶውስ ያለው ሰው በዊንዶውስ ውስጥ ሊነክስን ማስነሣት ይኖርበታል። ሥራው ሁሉ ትዕዛዝ በመጻፍ የሚከናወን በመሆኑ በአይጥ እየተጫነ ለለመደ ተማሪ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አድካሚ ናቸው። ኢንተርኔቱ በሚንቀራፈፍበት አገር ላለ ሰው ደግሞ ከባዱ ነገር መጠኑ ነው። እዚህ ላይ ሂሳርክን የማመሰግንባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የማውረጃው ገጽ ስብስቡን በሙሉ እንድንወስድ አያስገድድም፤ የኑስታርን ክፍል ብቻ መርጦ ማውረድ ይቻላል። የመሣሪያውን ልኬት የሚያስተካክሉትን የካሊብሬሽን ፋይሎችም በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ማከማቸት ግዴታ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ የሚያስፈልገውን በሥራ ላይ እያለ ከማኅደሩ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል፣ መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው አብሮ ይቆማል እንጂ። ከሁሉ የሚበልጠው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በኩል በሳይሰርቨር ላይ የተከፈተው አማራጭ ነው፤ አካውንት ያወጣ ሰው ሶፍትዌሩ ተጭኖ፣ ማኅደሩም አጠገቡ ሆኖ ስለሚጠብቀው በብሮውዘር ብቻ ይሠራል፣ ወደ እርሱ የሚመጣውም የመጨረሻው ግራፍ ብቻ ይሆናል። ኤክስሬይ በከባቢ አየር ስለሚዋጥ የእንጦጦ ተራራ ከፍታ እንኳን ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፤ በእንጦጦ ያሉት ቴሌስኮፖች የሚያዩት በዓይን የሚታየውን ብርሃን ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለ ተማሪም ሆነ ሚዩኒክ ላለ ፕሮፌሰር በዚህ ዘርፍ የሚገኘው መረጃ ያው ከሳተላይት የወረደው ነው፤ ልዩነቱን የሚያጠብበው እንዲህ ያለው አገልግሎት ነው።

ፋይሉ ከተገኘ በኋላ ያለው መንገድ በሚገባ የተጠረገ ነው። ኑፓይፕላይን የሚባለው ትዕዛዝ ጥሬውን ፋይል ያጸዳል፤ ባሪኮር የሚባለው ደግሞ የእያንዳንዱን ፎቶን ሰዓት ሳተላይቷ ምድርን፣ ምድርም ፀሐይን እየዞረች በመሆኗ ከሚመጣው መዛባት አርሞ ወደ ሥርዓተ ፀሐይ የክብደት ማዕከል ይመልሰዋል። ይህ እርማት እስከ 8 ደቂቃ የሚደርስ ነውና የሚዘለል አይደለም። የማይነገረው የሚቀጥለው ነው። ኒውትሮን ኮከቡ ራሱ በጓደኛው ዙሪያ ስለሚዞር ሌላ እርማት ያስፈልጋል፤ ባሪኮር ይህን አያደርግም፣ አላደረግሁም ብሎም አያስጠነቅቅም። የቬላ ኤክስ-1 ምህዋር ብርሃን በ114 ሴኮንድ የሚያቋርጠውን ያህል ርቀት ወዲያና ወዲህ ስለሚወስደው፣ የሚለካው ዑደት በምህዋሩ ውስጥ በሩብ ሴኮንድ ገደማ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ከአንድ ቀን በላይ የቆየ ምልከታን ይህን ሳያርም ያደራረበ ሰው ጫፎቹ ይደበዝዙበታል፤ ቀድመው የሚጠፉትም በዝቅተኛው ኢነርጂ ያሉት ጠባቦቹ ጫፎች በመሆናቸው፣ ሊያየው የመጣውን ልዩነት በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ኑስታር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ምድርን አንድ ጊዜ ስለምትዞርና በየዙሩ ምድር ስለምትጋርዳት፣ በመረጃው ውስጥ ያሉት ክፍተቶች ዑደቱን ኢኤፍሰርች በሚባለው የሂሶፍት መሣሪያ ሲፈልጉ ከእውነተኛው ጎን ሐሰተኛ ጫፎችን ማቆማቸውም ሊዘነጋ አይገባም።

ትልቁ ጉድለት ግን የምት ድርሻ በሚባለው መለኪያ ላይ ነው። ከላይኛው ጫፍ ዝቅተኛውን ቀንሶ ለሁለቱ ድምር ማካፈል የተለመደው ቀመር ነው፤ ማንም በአንድ መስመር ሊጽፈው ይችላል። በውስጡ ግን ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የፎቶን እጥረት ነው። ዑደቱን በ32 ክፍል ከፍለን በእያንዳንዱ ክፍል በአማካይ 100 ፎቶን ብቻ ቢኖረን፣ ኮከቡ ምንም ምት ባይኖረው እንኳን በአጋጣሚ ብቻ አንዱ ክፍል 120፣ ሌላው 80 አካባቢ መድረሱ የሚጠበቅ ነው፤ ቀመሩም 20 በመቶ የምት ድርሻ አለ ይለናል። ፎቶን የሚያንሰው ደግሞ በከፍተኛው ኢነርጂ ነው። ምቱ ከኢነርጂው ጋር ይጎላል ተብሎ በሚጠበቅበት ቦታ ላይ ጫጫታውም በዚያው አቅጣጫ የሐሰት ጭማሪ ይሰጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ወጥመድ በተቃራኒው ይሠራል። ከኮከቡ የሚመጣው በ60 እና በ140 መካከል የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ የምት ድርሻው 40 በመቶ ነው፤ ከመመርመሪያው ዙሪያ የሚመጣው የጀርባ ጨረር በየክፍሉ 100 ቢጨምርበትና ሳይቀነስ ቢቀር ግን ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። ኑስታር ላይ የጀርባው ጨረር ከኮከቡ ብርሃን ጋር የሚስተካከለው በከፍተኛው ኢነርጂ በመሆኑ፣ ሁለቱ ስህተቶች በአንድ ቦታ ተገናኝተው እንደ ምልከታው ሁኔታ አንዱ ሌላውን ያሸንፋል። ኢፎልድ የሚባለው የሂሶፍት መሣሪያ ዑደቶቹን በትክክል ያደራርባል፤ የምት ድርሻን በተመለከተ ግን ተጠቃሚው የራሱ ጠባቂ ራሱ ነው። ለዚህ ሥራ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ቢኖር ብዙ ተማሪ ይተርፍ ነበር።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስከፍለው ነገር ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ሄርኩለስ ኤክስ-1 ያሳያል። በ1.24 ሴኮንድ የሚዞረው ይህ ኮከብ በስፔክትረሙ፣ ማለትም ብርሃኑ በየኢነርጂው በተዘረዘረበት ግራፍ ላይ፣ በ40 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ፣ የሳይክሎትሮን መስመር የሚባል ጉድጓድ አለው፤ ዮአኺም ትሩምፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 በፊኛ በተላከ መሣሪያ ያገኙት ሲሆን የኒውትሮን ኮከብ መግነጢሳዊ መስክ በቀጥታ የተለካበት የመጀመሪያው መንገድ ሆኗል። ኤሌክትሮኖች በብርቱ መስክ ውስጥ የሚይዟቸው የኢነርጂ ደረጃዎች የተወሰኑ በመሆናቸው፣ በዚያ ኢነርጂ የሚመጣ ፎቶን በቀላሉ አያልፍም፤ መስኩ 1 ትሪሊዮን ጋውስ ሲሆን ደረጃው 11.6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ከኮከቡ የስበት ጉድጓድ ሲወጣ ደግሞ በተወሰነ መጠን ይቀንሳል። ፎቶኑ ከዚህ ደረጃ ጋር ሲገናኝ አቅጣጫውም ስለሚለወጥ፣ የምት ድርሻው ከኢነርጂው ጋር እየጨመረ መጥቶ በመስመሩ አካባቢ ድንገት ይሰረጉዳል ወይም ይጣመማል። መስመሩ በስፔክትረሙ ላይ በግልጽ በማይታይበት ምንጭ ላይ እንኳን ይህ ስርጉድ ሊጠቁመው ይችላል። የምት ድርሻን በየኢነርጂው በትክክል የለካ ተማሪ እንግዲህ ሳያውቀው መግነጢሳዊ መስክ እየለካ ሊሆን ይችላል፤ በጫጫታ ወይም ባልተቀነሰ ጀርባ የተፈጠረ ስርጉድ ያየ ተማሪም እንዲሁ የሌለ መስክ ሊዘግብ ይችላል። ቬላ ኤክስ-1 ላይ በ25 እና በ53 አካባቢ ሁለት መስመሮች ስላሉ፣ ከላይ የጠቀስኩት ፋይል ለዚህም ልምምድ ይሆናል።

ፈጣኖቹን ፐልሳሮች ለሚፈልግ ማኅደሩ ሌላ ገጽታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 ምቱ የተገኘው ሳክስ ጄ1808.4-3658 በሴኮንድ 401 ጊዜ ይዞራል፤ በዚህ ኮከብ ላይ ከቅርጹ ይልቅ የሚገርመው የመድረሻ ሰዓቱ ነው፣ ዝቅተኛ ኢነርጂ ያላቸው ፎቶኖች ምታቸው ከፍተኛ ኢነርጂ ካላቸው እስከ 200 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ይዘገያልና። ለዚህ ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ያለችው ናይሰር ትሻላለች፤ የምታየው ከ0.2 እስከ 12 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆንም የሰዓቷ ጥራት ከአንድ ማይክሮ ሴኮንድ በታች ነው። የኑስታር ሰዓት በነበረበት ሁኔታ ለእንዲህ ያለው ሥራ አይመችም ነበር፤ በኋላ በመጣው የሰዓት እርማት ፋይል ወደ 65 ማይክሮ ሴኮንድ ገደማ ወርዷል፣ ፋይሉም በባሪኮር ጊዜ አብሮ መሰጠት አለበት።

ሂሶፍትን ብቻ ይዞ መቆየት ግዴታ አይደለም። ስቲንግሬይ የሚባለው የፓይተን ቤተ መጻሕፍትና በእርሱ ላይ የተሠራው ሄንድሪክስ ከሂሳርክ የወረደውን የጸዳ ፋይል በቀጥታ ያነባሉ፣ ዑደት ፍለጋውንም ሆነ የምት ጥንካሬንና መዘግየትን በየኢነርጂው ማስላቱን በጥቂት መስመር ይሠራሉ። ምርጫው ቢሰጠኝ ማጽዳቱንና ባሪኮርን በሂሶፍት፣ የቀረውን ሁሉ በስቲንግሬይ አደርገዋለሁ፤ የሂሶፍት የጊዜ መተንተኛዎች አስተማማኝ ቢሆኑም ለጥያቄ የሚመልሱት አንድ በአንድ፣ ፋይል በፋይል ነው፣ ኢነርጂውን በዐሥር ከፍሎ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይህ ትዕግሥት ይፈታተናል።

ከ79 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ለሚሄድ ሰው የኑስታር ፋይል ያበቃለታል። ስዊፍት ጄ0243.6+6124 በተባለው ምንጭ ላይ እስከ 146 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርስ የሳይክሎትሮን መስመር የታየው እስከ 250 በምታየው በቻይናዋ ኢንሳይት ሳተላይት ነው፤ የእርሷን መረጃና ሶፍትዌር ለማግኘት ቤጂንግ ወዳለው የከፍተኛ ኢነርጂ ፊዚክስ ተቋም ማኅደር መሄድ ያስፈልጋል።